ዲፈረንሻል ከመግዛትህ በፊት ዘይቱን አውርደህ እየው

ጥያቄው፦

«ጋሼ፣ ያለኝ መኪና ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ 78 ነው። ናፍጣ፣ ሞተሩ ዋን ኤች ዚ። ያገለገለ ነው የገዛሁት። እንግዶች እየጫንኩ ደቡብ ኦሞ እመላለሳለሁ። ከሦስት ወር በፊት የኋላው ዲፈረንሻል ፕሮፔለሩ በሚገባበት በኩል ዘይት ያንጠባጥብ ስለነበር ኦይል ሲሉን አስቀየርኩ። ሰሞኑን ከቱርሚ ስመለስ ደግሞ ከ60 እስከ 80 ባለው ፍጥነት ከኋላ ማላዘን ጀመረ። ነዳጅ ስረግጥ ይጮሃል፣ ስለቅ ይጠፋል። አሁን በግራው የኋላ ጎማ ከውስጥ በኩል ዘይት አየሁ። አንዱ መካኒክ ኮሮናና ፒኞኑ አልቋል፣ ሙሉ ዲፈረንሻል ግዛ አለኝ። ሌላው 140 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ሙላበት፣ ዝም ይላል አለ። ሦስተኛው ደግሞ ቶዮታ ነው ምንም አይሆንም ብሎ አሳቀኝ። የቱን ልመን? ዘይቱንስ ራሴ መቀየር እችላለሁ? ቢነግሩኝ።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። ለማያውቅ አንባቢ፦ ዲፈረንሻል የሞተሩን ኃይል ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያካፍል የጥርስ ሳጥን ነው። ፕሮፔለሩ፣ ከማርሽ ሳጥኑ በኩል የሚመጣው ረጅም ዘንግ፣ ትንሹን ጥርስ ፒኞኑን ያዞራል፤ ፒኞኑ ትልቁን ክብ ጥርስ ኮሮናውን ያዞራል። ሲል የሚባለው ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት ነው። ዲፈረንሻል የሚገዛው ዘይቱ ወርዶ ከታየ በኋላ ነው። ከጻፍከው እንደተረዳሁት ከሦስቱ አንዳቸውም ታፖውን፣ የዘይቱን መክደኛ ብሎን፣ ፈትተው አላዩም። ድምፅ በጆሮ ብቻ ሰምቶ «ኮሮናው አልቋል» ማለት፣ ሰው በር ላይ ሲያስል ሰምቶ ደረቱን ለመቅደድ እንደመነሳት ነው።

እስቲ የነገርከኝን በጊዜ ቅደም ተከተል ላስቀምጠው። መጀመሪያ በዲፈረንሻሉ ፊት፣ ፕሮፔለሩ በሚገባበት በኩል ዘይት ወጣ። ሲሉ ተቀየረ። ያ በር ሲዘጋበት ዘይቱ በግራ ጎማ በኩል ወጣ። በመሃል ድምፅ መጣ። ለእኔ ይሄ ሦስት የተለያየ ብልሽት አይመስለኝም። ዘይቱ መውጫ እየፈለገ ነው። የሚገፋው ደግሞ አየር ነው።

ዲፈረንሻል ክዳኑ እንደገጠመ ድስት ቁጠረው። ስትነዳ ውስጡ ይሞቃል፣ አየሩ ይለጠጣል። ያ አየር እንዲወጣ አክስሉ ላይ ትንሽ መተንፈሻ ተሠርታለታለች። በአንዳንዱ መኪና እዚያው አክስሉ ጀርባ ላይ የተቀመጠች አውራ ጣት የምታህል ቆብ ናት። በሌላው በቀጭን የጎማ ቱቦ ወደ ሻንሲው ከፍ ብላ ትወጣለች። ማንም አያያትም። ሰርቪስ ሲደረግም አብዛኛው ሰው ይረሳታል። ጭቃና አቧራ ይተኛባትና ደርቆ ሲሚንቶ ይሆናል። እሷ ስትደፈን ግፊቱ የት ይሂድ? የሲሎቹን ከንፈር ይገፋል። ደካማው ቀድሞ ይሸነፋል። ያንን ስትቀይር ቀጣዩ ደካማ ይሸነፋል። መተንፈሻዋን ሳያይ ሲል የሚቀይር መካኒክ በየሦስት ወሩ ሲል ይቀይራል። እሱ አይከፋውም፣ ሒሳቡን የምትከፍለው አንተ ነህ።

ነገሩ በሌላው አቅጣጫም ይሠራል፤ እሱ ይብሳል። ቱርሚ አጠገብ ያለውን የካስኬን ወንዝ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሲዘንብ ግን ውሃ ይወርድበታል። ሁለት ሰዓት የነዳኸው የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ባንዴ ይኮማተራል፣ ከውጭ ይስባል። መተንፈሻዋ ከተደፈነች በሲሎቹ በኩል ውሃ ይጠጣል። ክፍት ሆና ውሃ ውስጥ ከሰጠመችም በራሷ በኩል ይጠጣል። ወንዝ የሚያዘወትሩ ሰዎች መተንፈሻውን በቱቦ አርዝመው ወደ ላይ የሚያወጡት ለዚህ ነው። ርካሽ ሥራ ነው። ለአንተ ዓይነት ሥራ ከጣራ ዕቃ መጫኛም ከጭጋግ መብራትም በፊት የሚሠራ ነው።

እንዴት ታያታለህ? አካባቢዋን በብሩሽ ጥረግ። ቆቧን በጣትህ ጫን ጫን አድርጋት፤ እንደልቧ መንቀሳቀስ አለባት። ካልተንቀሳቀሰች ፍታት፣ በናፍጣ እጠባት፣ በአየር ንፋት። እምቢ ካለች ቀይራት። ሌላም ምልክት አለ። ከጉዞ መልስ፣ ዲፈረንሻሉ ገና ሞቅ እንዳለ፣ የላይኛውን መሙያ ታፖ ፊትህን ዞር አድርገህ ቀስ ብለህ አላላው። «ፍስስስ» ብሎ አየር ከወጣ ታፍኖ ነበር ማለት ነው። ያቺን ድምፅ ከሰማህ የዘይት መፍሰሱ ምክንያት ከሞላ ጎደል ተገኝቷል።

አሁን ወደ ማላዘኑ እንምጣ። ከሁሉ በፊት ሲሉን የቀየረልህ ሰው ጋ ሂድና ሁለት ነገር ጠይቀው። አንደኛ፣ ፈስሶ የጎደለውን ዘይት ሞልቶልሃል? ይሄ ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ ግን ሲል ቀይሮ፣ ጠራርጎ፣ ደረጃውን ሳያይ የሚሸኝ ጋራዥ ሞልቷል። ሁለተኛ፣ የፒኞኑን ዳዶ ከመፍታቱ በፊት ምልክት አድርጎበት ነበር?

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳህ። ፒኞኑ ጫፍ ላይ ያለው ትልቅ ዳዶ ማሰሪያ ብቻ አይደለም። ሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎች፣ ፒኞኑን ይዘው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርጉት ቤሪንጎች፣ ምን ያህል ተጨብጠው እንደሚዞሩ የሚወስነው እሱ ነው። በብዙ የቶዮታ ዲፈረንሻሎች ውስጥ በኩሽኔታዎቹ መሃል ዳዶው ሲጠብቅ የሚጨማደድ የብረት ቱቦ አለ። አንዴ ከልክ በላይ ከተጨማደደ ተመልሶ አይዘረጋም። ጥንቁቅ መካኒክ ዳዶውንና ፒኞኑን በነጥብ ምልክት ያደርጋቸዋል፣ ስንት ጥርስ ብሎን እንደቀረም ይቆጥራል፣ ሲመልስ እዚያው ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ ግጥም ካደረገው ግን ኩሽኔታው ይታነቃል፣ ይሞቃል፣ ያላዝናል። አላልቶ ከተወው ደግሞ ፒኞኑ ነዳጅ በረገጥክ ቁጥር ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል፣ ጥርሱ ከኮሮናው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይዛባል። እንግዲህ «ምልክት አድርገህ ነበር?» ስትለው ፊቱን እየው። መልሱ እዚያ ላይ ነው።

ድምፁ በእርግጥ ከዲፈረንሻል መምጣቱንም አረጋግጥ። የኋላ ድምፅ ያታልላል፤ የሃርድቶፕ ባዶ ቤት ደግሞ እንደ ከበሮ ነው፣ ሁሉን ያጎላዋል። አስፋልቱ ሲለወጥ፣ ከሻካራ ወደ ለስላሳ ስትገባ ድምፁ ከተለወጠ ጎማ ነው። ነዳጅ ረገጥክም ለቀቅክም ያው ከሆነ፣ መሪውን ወደ ግራና ቀኝ ስታወዛውዘው ግን ከጨመረና ከቀነሰ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ሲታጠፍ ብቻ የሚንቋቋ ከሆነ ዲፈረንሻሉ ሆድ ውስጥ ያሉት ትናንሾቹ ጥርሶች ይጠረጠራሉ። ስትነሳ ወይም ወደኋላ ማርሽ ስታስገባ «ቋ» የሚል ከሆነ መጀመሪያ የፕሮፔለሩን መጋጠሚያ፣ ክሮቼራውን እይ፤ ዋጋውም ቀላል ነው። የአንተ ግን ነዳጅ ሲረገጥ ጮሆ ሲለቀቅ የሚጠፋ ነው። ይህ የኮሮናና ፒኞን ግንኙነት ወይም የፒኞን ኩሽኔታ ምልክት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መካኒክ ሰፈሩን አልሳተም። ቤቱን ሳያንኳኳ ገባ እንጂ።

ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ ቁምና እጅህን ወደ ፒኞኑ አፍንጫ፣ ፕሮፔለሩ ወደሚገባበት ጫፍ፣ ከዚያ ወደ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እምብርት አስጠጋ። አታስነካው፣ አስጠጋው ብቻ። የሁለቱ ጎማዎች ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዱ ለብቻው የሚጋረፍ ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። የፒኞኑ አፍንጫ ከመጠን በላይ ከጋለ ወደ ዳዶው ተመለስ።

አሁን ዘይቱን እናውርድ። አዎ፣ ራስህ ትችላለህ። የሃርድቶፕ ጥሩነቱ ክሪክ ሳያስፈልግህ ከሥር መግባት መቻልህ ነው። ሜዳ ቦታ አቁመው፤ ያጋደለ መኪና ላይ የሞላኸው ዘይት ልኩ ውሸት ይሆናል። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ የፊት ጎማዎች ላይ ድንጋይ አድርግ። ከማቆምህ በፊት ግን አሥርና አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ነድተህ ሞቅ አድርገው። ቀዝቃዛ ዘይት እንደ ማር ነው፣ ግማሹ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ታፖዎቹ ብዙውን ጊዜ 24 ቁጥር ናቸው። ቡሶላ ተጠቀም፤ ክፍት ቁልፍ ጠርዛቸውን ይበላዋል።

ሁሌም የላይኛውን መሙያ ታፖ ቀድመህ ፍታ። ይሄን የምልህ ዋጋ ከፍዬበት ነው። ልጅ ሳለሁ፣ ሀዋሳ፣ እሁድ ቀን፣ የሰው መኪና። የታችኛውን ፈትቼ ዘይቱን በሙሉ ሳፋ ውስጥ አወረድኩት። ከዚያ የላይኛውን ልፈታ ብል እምቢ። ስታገለው ጠርዙ ተበላ፣ ክብ ሆነ። መኪናው ባዶ ዲፈረንሻል ይዞ ቆመ፤ ባለቤቱ ሻይ ቤት ሆኖ «አለቀ?» እያለ በልጅ ይልክብኛል። በየጋራዡ ስዞር ውዬ አመሻሽ ላይ ብረት በያጅ አግኝቼ ታፖው ላይ ዳዶ አስበየድኩና ተፈታ። መሙያው ካልተፈታ ማውረጃውን አትንካው። አሮጌ ዘይት ከባዶ ይሻላል፣ ቢያንስ ጋራዥ ድረስ ያደርስሃል።

የታችኛው ሲፈታ ዘይቱ በሳፋ ሳይሆን በንጹሕ ነጭ ባሊ ቢገባ ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ሥራው ያለው እሱ ላይ ነው።

ቀለሙን እይ። ጠቆር ያለ ግን የሚያሳልፍ ከሆነ ያገለገለ ዘይት ነው፣ አትደንግጥ። ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። እንደ ማኪያቶ ስልህ በትክክል ያ ቀለም ነው፣ ከላዩ አረፋ ሁሉ ይኖረዋል። ውሃና ዘይት አብረው ተመትተው ነው እንዲህ የሚሆኑት። ታፖው ሲላላ መጀመሪያ ጥቂት ጥርት ያለ ውሃ ከወጣ ደግሞ መኪናው ቆሞ ሳለ ውሃው ከሥር ተጠራቅሟል ማለት ነው፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይተኛል። አሽተው። የዲፈረንሻል ዘይት በተፈጥሮው ድኝ ድኝ ይላል። የዳሎልን ሽታ የሚያውቅ አፍንጫ አይስተውም። ያ ጤነኛ ሽታው ነው። የተቃጠለ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ግን ውስጡ ከመጠን በላይ ግሏል።

ከዚያ ታፖውን አንሳ። ጫፉ ላይ ማግኔት ያለው ከሆነ ግራጫ ጭቃ ይዞ ይወጣል። በሁለት ጣትህ እሸው። እንደ ኩል የላመ ከሆነ የዕድሜ ብናኝ ነው፤ ጥርስ ከጥርስ እየተሻሸ የሚወጣ። ጥረገውና መልሰው። የሚቆረቁር፣ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ከሆነ ኩሽኔታ መላጥ ጀምሯል። ቀጫጭን የብረት ስንጥር፣ ወይም ጥፍር የሚያክል ስባሪ ካገኘህ ደግሞ መካኒክ ቁጥር አንድ ትክክል ነበር፣ ይቅርታ እንጠይቀዋለን። ማግኔት ከሌለው ዘይቱን በነጭ ጨርቅ አጥልለህ እይ። እንደዚህ ዓይነት ምርመራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አምስት ደቂቃው ግን የሙሉ ዲፈረንሻል ዋጋ ሊያድንልህ ይችላል።

የወረደውንም ለካው። ባዶ የውሃ ላስቲክ ውስጥ ገልብጠው። የኋላው ዲፈረንሻል እንደየሞዴሉ ሦስት ሊትር አካባቢ ይይዛል፤ የአንተን ትክክለኛ ልክ የመኪናው መጽሐፍ ላይ ታገኘዋለህ። ሊትር ተኩል ብቻ ከወረደ የማላዘኑ ምሥጢር ግማሹ ተፈታ። ውስጡ ፓምፕ የለም። ኮሮናው እየዞረ ከታች ዘይቱን እየዛቀ ወደ ላይ ይረጨዋል፣ ለፒኞኑ ኩሽኔታዎችም በዚያው ይደርሳቸዋል። ዘይቱ ሲጎድል ቀድመው የሚጠሙት እነሱ ናቸው። ዳገት ስትወጣ ደግሞ የፒኞኑ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል፣ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ዓይነት መንገድ ላይ የጎደለ ዲፈረንሻል ምን እንደሚሰማው አስበው።

የትኛውን ዘይት ልሙላ? መጽሐፉ ለዚህ ዓይነት አክስል የሚለው ኤፒአይ ጂኤል-5፣ ኤስኤኢ 90 ነው። ጂኤል-5 የዘይቱ ደረጃ ነው፣ 90 የውፍረቱ ቁጥር። 80ደብሊው-90 ያገኘህ እንደሆነም ይሆናል። ዋናው ጂኤል-5 መሆኑ ነው። የዚህ ዲፈረንሻል ፒኞን ከኮሮናው መሃል ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ጥርሶቹ መገፋፋት ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ ይንሸራተታሉም። ያ መንሸራተት ተራ ዘይትን ከመሃላቸው ይጠርገዋል። ጂኤል-5 ውስጥ ያለው የድኝና ፎስፈረስ ቅመም ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ጥርሱን የሚያድነው እሱ ነው። ጂኤል-4 ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚይዘው። ይሄን አይተህ ግን ጂኤል-5 ሁሉም ቦታ ይሻላል ብለህ ካምቢዮ (ማርሽ ሳጥን) ውስጥ እንዳትሞላ። ጂኤል-4 ብቻ የሚሉ ካምቢዮዎች አሉ፤ ጂኤል-5 ውስጣቸው ያለውን የነሐስ ቀለበት ሊጎዳው ይችላል፣ ማርሽም ማስገባት ያስቸግርሃል።

ሰው 90 ሲባል 40 ቁጥር ከሆነው የሞተር ዘይት ከእጥፍ በላይ የወፈረ ይመስለዋል። አይደለም። መለኪያው ሌላ ነው። የዲፈረንሻል 90 ሲሞቅ ውፍረቱ ከሞተር 40ና 50 ጋር ተቀራራቢ ነው። 140 ግን በእርግጥ ወፍራም ነው።

እሱን ካነሳን አይቀር፣ ሁለተኛው መካኒክ። 140 ድምፁን ይቀንሰዋል፣ እውነቱን ነው። ወፍራም ዘይት በጥርሶቹ መሃል እንደ ትራስ ይገባል። ግን የተበላ ኩሽኔታ አያክምም። ሕመሙን ሳይሆን ጩኸቱን ነው የሚያፍነው፤ ጩኸቱ ደግሞ ያለህ ብቸኛ ማስጠንቀቂያ ነው። በሞቃት አገር ከባድ ጭነት ለሚጎትቱ መኪናዎች ወፍራም ዘይት የሚፈቅዱ አምራቾች አሉ፣ እሱን አልክድም። ለአንተ ግን አልመክርም። ዛሬ ቱርሚ ብትሆን ነገ እንግዳ ይዘህ ባሌ ትወጣለህ። ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ንጋት ላይ፣ 140 ዘይት ከኮሮናው ተነስቶ ፒኞኑ ጋ እስኪደርስ ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳለህ? ያገለገለ መኪና ልትሸጥልኝ መጥተህ ዲፈረንሻሉ ውስጥ 140 ካገኘሁ መጀመሪያ የምጠይቅህ «ምን እየደበቅክ ነው?» ብዬ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። መኪናህ ኋላው ላይ ኤልኤስዲ፣ ማለትም አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገድብ ዲፈረንሻል፣ ካለው የታዘዘው ዘይት ለእሱ የተዘጋጀ ጂኤል-5 ነው። ተራውን ብትሞላ ስትታጠፍ ይንቀጠቀጣል፣ ይንጫጫል። አብዛኛውን ጊዜ መሙያው አጠገብ ተጽፎበታል፣ ጭቃውን ጥረግና ፈልግ። ጽሑፉ ከጠፋ ሁለቱንም የኋላ ጎማ በክሪክ አንስተህ አክስሉን በጠንካራ ማቆሚያ አስቀምጠው። ሞተር ጠፍቶ፣ የፊት ጎማ ታግዶ፣ ካምቢዮው ነጻ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ አንዱን ጎማ በእጅህ አዙር። ሌላው በተቃራኒው ከዞረ ተራ ነው። በተመሳሳይ አቅጣጫ ከዞረ ኤልኤስዲ ነው። በክሪክ ብቻ ተማምነህ ከሥር እንዳትገባ።

ዘይቱን የምትገዛው ከታወቀ ቦታ፣ ክዳኑ ያልተነካ ዕቃ ይሁን። ባዶ ጄሪካን ተጠርጎ የማይታወቅ ዘይት የሚሞላበት ጊዜ አለ። እኔ በበኩሌ ከፍቼ አሸተዋለሁ። ድኝ የማይል ጂኤል-5 አልወድም።

አሞላሉ ቀላል ነው። የታችኛውን ታፖ ሮንዴላውን በአዲስ ተክተህ ዝጋ። በመጽሐፉ ልክ አጥብቀው፤ ለብዙዎቹ የቶዮታ ዲፈረንሻሎች 49 ኒውተን ሜትር ነው፣ ቧንቧ የሚያሰካ አይደለም። በእጅ ፓምፕ ወይም በረጅም ቱቦ ከላይ በስበት ሙላ። ዘይቱ በመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ ሲጀምር ይብቃህ። እስኪረጋ ጠብቅና ጣትህን አስገብተህ ዳስስ፤ ዘይቱ ከቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ዝቅ ማለት የለበትም። አብዝቼ ልሙላለት አትበል። የበዛ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ተመልሶ በሲሎቹ ይወጣል።

ማኪያቶ ካገኘህ አንድ ጊዜ መቀየር አይበቃም። መጀመሪያ ረከስ ያለ ግን ጂኤል-5 የሆነ ዘይት ሙላና ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቀስ ብለህ ነድተህ አውርደው። ጥርት እስኪል ድገመው። ከዚያ ጥሩውን ሙላ። ናፍጣ ጨምሮ ማጠብ የሚባል ልማድ አለ፤ ሳይፈታ ከሆነ አልስማማም። ናፍጣው በየጥጉ ይቀርና አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል።

የግራ ጎማው ዘይት። መጀመሪያ ምን እንደሆነ ለይ። ቀጭንና ድኝ የማይሸት ከሆነ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። እሱ ከሆነ ይሄን ማንበብ አቁምና ወደ ፍሬን ሠሪ ሂድ። ድኝ ከሸተተ ግን የዲፈረንሻሉ ዘይት በአክስሉ ቱቦ ውስጥ ተጉዞ መጥቷል። በዚህ መኪና አክስል የጎማው ኩሽኔታዎች በራሳቸው ግሪስ ነው የሚሠሩት። ዘይቱ ሲደርስባቸው ግሪሱን አጥቦ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ሲል ብቻ ቀይሮ መዝጋት ግማሽ ሥራ ነው። ኩሽኔታዎቹ ወጥተው መታጠብ፣ መታየት፣ በአዲስ ግሪስ መሞላት አለባቸው። ከበሮ ፍሬን ከሆነ ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ ታጥቦ አይድንም። በቤንዚን እናጥበዋለን ቢሉህ እሺ እንዳትል፤ ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ያወጣዋል። የግራውን ስትቀይር የቀኙንም ቀይር፣ አለዚያ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ በኩል ይጎትትሃል። እስኪሠራ ድረስ በእንግዳ አትነዳው። የማላዘኑ ነገር ሳምንት ይታገሣል፣ የፍሬኑ አይታገሥም።

በመጨረሻ ዘይቱ ንጹሕ፣ ብናኙ ኩል፣ ደረጃው ሙሉ ሆኖ ድምፁ ካልጠፋ፣ ዲፈረንሻሉ ይውጣ። መካኒኩ የሰዓት ሰሌዳ በሚመስለው መለኪያ (ዳያል ጌጅ) የጥርሶቹን ክፍተት እንዲለካልህ ጠይቅ። ክፍተቱ 0.13 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው የሚፈለገው፣ አንድና ሁለት ወረቀት እንደማለት። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል ካጋጠመህ አመስግነህ ወደ ሌላ ሂድ። ብዙ ጊዜ ኩሽኔታ ቀይሮ እንደገና መለካት ይበቃል።

መግዛት ግድ ከሆነና የአዲስ አበባው መለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ከወረድክ፣ ከዋጋ በፊት ሬሾውን፣ ማለትም የኮሮናው ጥርስ ለፒኞኑ ጥርስ ሲካፈል የሚወጣውን ቁጥር፣ ጠይቅ። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል ሬሾ አንድ መሆን አለበት። ኋላው 4.1 ሆኖ ፊቱ 3.9 ከሆነ ባለ ሁለት ጎማ ስትነዳ ምንም አይሰማህም። አራቱን ጎማ ያስገባህ ዕለት ግን ፊትና ኋላው ይተናነቃሉ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሪዳክተር ሊሰበር ይችላል። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለችው የብረት ሰሌዳ ላይ የአክስል ኮድ ተጽፏል። ከፊደሉ ቀጥለው ያሉት ሁለት ቁጥሮች 29 ከሆኑ 4.1 ማለት ነው። ሻጩ መደርደሪያ ላይ ያለውን ደግሞ የኮሮናውን ጥርስ ቆጥረህ ለፒኞኑ ጥርስ አካፍለው፤ 41 ለ10 ከሆነ ያው 4.1 ነው። ሻጩ ቢሰለችብህም ቁጠር።

ከዚህ በኋላ ለአንተ ዓይነት መንገድ በየ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ቀይር። 40 ሺህ የሚባለው ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ ለሚውል ነው። ውሃው ከጎማው እምብርት በላይ የደረሰበት ወንዝ ከተሻገርክ ደግሞ ኪሎ ሜትር አትቁጠር። ሌሊቱን ካደረ በኋላ ጠዋት፣ ሞተር ሳታስነሳ፣ የታችኛውን ታፖ ትንሽ አላላውና የመጀመሪያውን ጠብታ በጣትህ ተቀበል። ውሃ ካለ ከሥር ተኝቶ ስለሚያድር ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። የኋላውን እንዲህ ስታደርግ የፊቱንም፣ ካምቢዮውንና ሪዳክተሩንም እይ። ካስኬን የተሻገሩት አራቱም አብረው ነው።